ዝምታችንን ማን ፈረመልን?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጻፊ። ዛሬ ምንም አልሆነም። ጉልበቴን አመመኝ፤ ሁለት ድንጋይ ጠረብኩ፤ ሻይ ጠጣሁ። ይኸው ነው።

የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ስንቱ የተማረ ሰው እኔ በጠረብኩት ደረጃ ላይ ነው ወጥቶ ቢሮው የገባው። ቃሌን እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ምን እንደምትማር ጠየቅኳት።

"ዲስኩር ትንተና።"

ምንድን ነው እሱ?

"ሰው ሲነጋገር ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል፣ ማን ማንን ያቋርጣል... በማን ፊት፣ ለምን። እሱን ማጥናት ነው አባባ።"

ሳቅኩ። ለወሬም ትምህርት ቤት ተከፈተለት? አባትሽ ላቡን የሚያንጠፈጥፈው ለዚህ ነው? አኮረፈች። ይህንንም ጻፊ አልኳት። አኩርፋ ጻፈችው።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ዛሬ ስለ ሼዳችን ስብሰባ ነበር። ሰባት ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢዎች ነን፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራንበት ሼድ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት አፍርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ይፈልጋል። የልጄ ልጅም ለትምህርቷ ብላ መቅጃ ይዛ መጣች። ሰብሳቢውን አስፈቀደች። "ምን ከፋኝ" አለ።

ሰብሳቢው ባለ ከረባት ነው። አወራ፣ አወራ... መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለ?" አለ። ዝም አልነው። ሰባታችንም እጃችንን አጣጥፈን፣ ዓይን ዓይኑን እያየን።

የሙያችን ልማድ ነው። ዋና ጠራቢ "ድንጋይህ ጠሟል" ብሎ አይጮህም። መሮውን ያስቀምጣል፣ እጁን ያጣጥፋል፣ ዝም ይላል። የጠረበው ሰው ይገባዋል፤ ድንጋዩን ጥሎ እንደገና ይጀምራል። በኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ "እምቢ" የለም። ባለ ከረባቱን እንዲያ አደረግነው!

ስንወጣ ጉልቻ ትከሻዬን መታኝ። አብሮኝ ያረጀ ጓደኛዬ ነው፤ አጭርና ደልዳላ ስለሆነ ነው ጉልቻ ያልነው።

"ልክ ልኩን ነገርነው!" አለኝ። "ላቡን ሲጠርግ አላየህም?"

አየሁ እንጂ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬ አልናገርም። ዝጊው ደብተሩን።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

እሺ፣ ክፈቺው።

ትናንት ቃለ ጉባኤው መጣ። የልጄ ልጅ አነበበችልኝ። "ተሰብሳቢዎች ተቃውሞ ስላላቀረቡ ሼዱ እንዲፈርስ በሙሉ ስምምነት ተወስኗል።" ደግመሽ አንብቢ አልኳት። ደገመች። ያው ነው።

በሙሉ ስምምነት! ማን ተስማማ? እኔ? ጉልቻ?

"ዝም አይነቅዝም" ይሉ ነበር አባቶቻችን። የኛ ግን ነቀዘ። በአምስት ቀን።

ወረቀቱ የሚጸድቀው በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሰባታችን በአውራ ጣታችን ከፈረምንበት ሼዱ የለም። ጉልቻ ሲሰማ "በቃ፣ አለቀልን" ብሎ ቁጭ አለ። የት ነው የምንጠርበው ከዚህ በኋላ? አልጋዬ ላይ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

መቅጃውን አሰማችኝ። እያቆመች፣ እየመለሰች፣ እየጻፈች። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ነጥብ በነጥብ ይደረድራል።

ይኼ ምንድን ነው? አልኳት።

"ዝምታችሁ ነው። በሰከንድ እለካዋለሁ።"

ዝምታ ይለካል? ይለካል ለካ። ባለ ከረባቱ አርባ አንድ ደቂቃ ተናገረ። ሰባታችን ተደምረን ሁለት ደቂቃ አልሞላንም፤ እሱም ሰላምታ፣ ሳልና ባለ ከረባቱ ያቋረጠው አሥራ አንድ ጅምር ቃል ነው። "ጥያቄ አለ?" ካለ በኋላ የጠበቀን አራት ሰከንድ! በአራት ሰከንድ እኔ ከወንበር አልነሳም።

"ደግሞ ይህን ስማ" አለች። ሲያመሰግነን "አባቶቻችን" ይላል። ስለ ሼዱ ሲያወራ ግን "ተጠቃሚዎቹ"። እዚያው ተቀምጠን! የማን ተጠቃሚ ነኝ እኔ? ሠሪ ነኝ!

"ዝም ያላችሁት ለእምቢታ መሆኑን ነግራችሁታል?"

ማንም ያውቀዋል።

"ጠራቢ ያውቀዋል። እሱ ጠራቢ ነው እንዴ አባባ?"

ወሬውን ወደ ሻይ አዞርኩት። እኔ! ... ይህን አትጻፊው። ተዪው፣ ጻፊው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሄድን። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን አንብባ የጣት ቀለሙን ወደኛ ገፋች። ተነሳሁ።

"አባታችን፣ ይህ አጀንዳ ተዘግቷል" አለ ባለ ከረባቱ።

"እኔ ሳልናገርበት ማን ዘጋው?"

"ይቀመጡ እባክዎ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ አጎንብሼ ሠርቻለሁ። ዛሬ ልቁም።"

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ነው መሰለኝ።

"ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገሩም?"

"ተናግረናል። በኛ ሙያ እምቢ የሚባለው እንዲያ ነው።"

"እኛ በምን እናውቃለን?"

እውነቱን ነው። ቆሜ አሰብኩት... እውነቱን ነው። ያ የኛ ጥፋት ነው አልኩት፤ በአንተ ቤት በእኛ ልማድ ተናገርን። አራት ሰከንድ ጠብቀህ "በሙሉ ስምምነት" ያልከው ግን የአንተ ጥፋት ነው። ተቀድቷል፤ ልጅቱ ታሰማሃለች። አሁን በአንተ ልማድ እናገራለሁ። አልተስማማንም። ጸሐፊዋ ትጻፍ።

"ይህ ከሥነ ሥርዓት ውጭ—"

"አላለቀልኝም! አታቋርጠኝ! አሥራ አንድ ጊዜ አቋርጠኸናል፤ ተቆጥሯል።"

ጉልቻ አውራ ጣቱን ቡጢው ውስጥ ደበቀና ተነሳ። "እኔም አልተስማማሁም!" ድምፁ እንደ መጋዝ ነው። ሦስተኛው ተነሳ። አራተኛው... ሰባታችንም ቆምን። ቀለሙን የነካ የለም። ጸሐፊዋ ባለ ከረባቱን አየችው፣ እኛን አየችን፣ ጻፈች። ያነበበችውን እኔ በጆሮዬ ሰማሁ፤ "ሰባቱም ተቃውመዋል።"

ያለ ጣታችን ወረቀቱ አይጸድቅምና ውሳኔው ታገደ። ሼዱ ዳነ ማለት አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ማንም እኔን ወክሎ እሺ አይልም።

ማታ የልጄን ልጅ ትምህርትሽ ወሬ አይደለም አልኳት። አንዴ ነው የምለው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ደብዳቤ መጣ፤ ሰባታችንም በየስማችን። መጋቢት 3 ሌላ ስብሰባ አለ። ቀድሞ የውሳኔ ወረቀት ነበር የሚልኩልን። አሁን "ሐሳብዎን እንዲያቀርቡ" ይላል። ታች ግን አንድ መስመር አለች። "እያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል።"

ከሐሙስ ወዲህ እናገራለሁ። ሼድ ውስጥ እናገራለሁ፣ መንገድ ላይ እናገራለሁ። ጉልቻ "ኧረ በሕግ አምላክ፣ ጆሮዬን!" ይላል። ምራቴም ምሳ ስታቀርብ "አባባ፣ መጀመሪያ ይዋጡት" ትላለች።

ሦስት ደቂቃ? ስሜንና የአባቴን ስም ብናገር ያልቃል።

መልስ ጻፊላቸው። አዎ፣ አሁኑኑ። እንመጣለን በያቸው። ሰባት ሰው ነን፤ ሰባታችንም እንናገራለን። ቀስ ብለን ነው የምንናገረው። ጠዋት ይጀምሩ፤ ምሳቸውን ይዘው ይምጡ።