የዘንድሮ ስግደቴ

ዓርብ፣ ስቅለት

ሰገድኩ! ያውም ወንበር ሳልነካ። አምና ይኼኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ከአሮጊቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለቅስ ነው የዋልኩት። በሃምሳ ዓመቴ!

ጠዋት ጎረቤቴ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ቀድማኝ ደርሳ "ነይ፣ ወንበር ይዤልሻለሁ" ስትለኝ "ይቆይልኝ" አልኳት። ፈርቼ ነበር። ማለቴ፣ ስምንት ወር ሳያቋርጡ ካዛንቺስ ጂም ውስጥ ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት ሌላ፣ ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ መስገድ ሌላ። ይቅር ይበለኝና፣ እግዚኦታው መሃል አሰልጣኜ ሄለን "ማዘር፣ በጉልበትሽ ሳይሆን በዳሌሽ ተነሺ!" ስትል ይሰማኝ ነበር። በዳሌዬ ተነሳሁ።

በመጨረሻ ተራዬ ደርሶ ተናዘዝኩ። አባ በወይራው ቅጠል ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና ሽበቴን አይተው "ላንቺ አሥራ ሁለት ስግደት ይበቃሻል" አሉኝ።

"አባ፣ እንደ ወጣቶቹ አርባ አንድ ይስጡኝ!"

ፈገግ ብለው ሰጡኝ። ጨረስኩት። አስካለ ወንበሯ ላይ ሆና አፏን ይዛ ታየኛለች።

በቃ፣ ደስታዬ ልክ የለውም። ግን በጉልበቴ ሳልኮራ አልቀረሁም። ይኼም ኃጢአት ከሆነ፣ ለከርሞ ለሱም ሌላ አርባ አንድ ይጨምሩልኝ። እችላለሁ።