እናታችንን ደጀ ሰላም ላይ ያስቀረ ጥፍር

ለምወድህ ወንድሜ ለይሻው፦

ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለቤትህ ዓይናለምስ፣ ልጆቹስ እንደምን ናቸው? የሐዋሳ ወባ አልደፈራችሁም ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ገብሱ ደህና ገብቶልናል፣ ጊደሪቱም ወልዳለች። ደህና ያልሆነው የእኔ ሆድ ነው፤ በአንተ ተቆጥቻለሁና ተቀምጠህ አንብበው።

እማዬ ከጥምቀት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አታውቅም። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ስትቆርብ የኖረች ሴት፣ ደጀ ሰላሙን ተሳልማ ትመለሳለች። ፋሲካም ሳትቆርብ አለፋት። መንደርተኛው ዝም ይላል እንዴ? ወርቅነሽ ቁርባኗን አፍርሳለች ብሎ አማት፤ በዚህ ዕድሜዋ ወንድ ፈለጉላት! የነፍስ አባቷ ቢጠይቋት እንኳ መስቀላቸውን ተሳልማ ትሄዳለች። ነገሩ ግን የእግሯ ጥፍር ነው። እንደምታውቀው ቢጫ ሆኖ ወፍሯል፤ ጫማዋን አውልቃ ሰው ፊት ለመቆም አፍራለች። ካልሲ ልበሺ ብላት፣ ጫማ አውልቁ በተባለበት ስፍራ እግሬን ልደብቅ ወይ ብላ አኮረፈችኝ።

ሐኪም ቤት ልውሰዳት ብዬ ስደውልልህ ምን አልከኝ? ለጥፍር ደግሞ ሐኪም ቤት ይኬዳል ወይ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀቢያት ብለህ ሳቅህ። ሽንኩርቱማ ቆዳዋን ላጠው! የጎረቤታችን የአበበች ቅቤም ምንም አልፈየደ።

በመጋቢት ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዣት ወረድኩ። ጫማዋን ስታወልቅ ምን ባይ ጥሩ ነው፤ ሐኪም ፊት እንዲህ ሆኜ አልቀርብም ብላ ለካ ጥፍሯን በምላጭ ፍቃ ፍቃ፣ እንሶስላ ሞቃለች! አሥሩም ጣት ቀልቶ የሙሽራ እግር መስሏል። ሐኪሟ መልኩን ማየትም፣ ለምርመራ የሚሆን ጥፍር መቁረጥም አልቻለችም። ሲያድግ ተመለሱ አለችን። ስንመለስ እስከ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ስቆጣት መጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ተመልሰን ሄድን፤ ጥፍሩ ተመርምሮ ፈንገስ ነው ተባለ። በክኒን ይድናል፤ ጉበቷን በደም ምርመራ እያዩ ለወራት ትውጣለች፣ አዲሱ ጥፍር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሐኪሟ፣ እማማ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ቆዩ፣ በሽታ ያሳፍራል እንዴ ብትላት የእማዬ ዕንባ ዱብ ዱብ አለ። እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ለጥምቀት መጥተህ፣ እኔ ጓዳ ሳለሁ፣ እንግዶች ማዕድ ላይ ሳሉ፣ እግርሽን ሸፍኚው ምግብ ይዘጋል ብለሃታል። ሁሉም ሳቀ አለችኝ። አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንተን ለማስተማር በእነዚያ እግሮች ስንት ገበያ ወጥታለች! እሷ ግን ልጄ ቀልዶ ነው፣ እንዳትጽፊለት ብላ ለምናኝ ነበር። እኔ አልቻልኩም።

ስለዚህ ቅባት አትላክ፣ ምክርም አትላክ። ለሰኔ ሚካኤል ራስህ ና። እነዚያኑ እንግዶች እጠራለሁ፣ ውሃውንም አሞቃለሁ። አንተ በፊታቸው ተንበርክከህ የእናትህን እግር ታጥባለህ። እንግዲህ ጥፍሩ እስኪያድግ ብላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ አትከርምም።

ለዓይናለም ሰላምታዬን አድርስ፤ በእሷ ቂም የለኝም። ልጆቹን፣ ምስጋናንና ትንሿን አዲስዓለምን፣ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ባለቤቴ አስማማው ሰላም ይልሃል። እማዬ መጻፌን እንጂ የጻፍኩትን አታውቅም፤ ልጄን እንዳትቆጪብኝ እያለች አጠገቤ ተቀምጣለች።

እህትህ ዝናሽ
ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.