የተገለበጠው መምቻ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እንደ ወትሮው ደህና ነን ብዬ ልለፈው ነበር፤ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል። ሐሳቤ ከዚህም ከዚያም ቢሆንብሽ ታገሺኝ።

አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮው ላይ ተደፍቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በሞርስ፣ በዚያ ጢት ጢት በሚለው ቋንቋ፣ ያወጋል፤ ለእኔ ሲሆን ቃል ይቆጥባል። ቀናሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ። እናም እሱ እግሩን ሊያፍታታ ሲወጣ እየጠበቅሁ፣ መጽሐፉን ገልጬ መማር ጀመርኩ። መምቻውን ታውቂዋለሽ፤ ያ ሁለት ምላስ ያለው፣ በአንዱ ነጥብ፣ በሌላው ሰረዝ የሚላክበት። መጽሐፉ ነጥቡን በአውራ ጣትሽ፣ ሰረዙን በሌባ ጣትሽ ይላል። እኔ ነጥብ ብዬ በአውራ ጣቴ ስነካው ጢ———ት፣ ሰረዝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ። የለየልኝ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ጨነቀኝና በፌስታል ይዤው ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ይሄ'ኮ ለግራ እጅ የተሠራ ነው። ሽቦውን አዙርልኝ ያሉኝ ጋሼ ናቸው፤ ሁለት ዓመት አለፈው።»

«የኔ ባል ግራኝ አይደለም!»

ሳቁ ጠፋ። «ቀኛቸውማ ይንቀጠቀጣል። አልነገሩዎትም እንዴ? ጉዴ ፈላ! በሞቴ፣ ከእኔ መስማትዎን እንዳይነግሯቸው።»

ሁለት ዓመት! ከአንድ ማዕድ እየበላሁ። ብርጭቆ በግራው ሲያነሳ አይቻለሁ፤ ቀኜን ደክሞኝ ነው አለኝ፣ አመንኩት። «አንቺ ጻፊላት፣ ያንቺ ጽሕፈት ያምራል» ሲለኝም አመንኩት። አንቺ ደግሞ አትሂጂ እያለኝ ርቄ ስለሄድኩ ነው አንድ መስመር እንኳ የነፈገኝ ብለሽ አዘንሽበት፤ እኔም ልበ ደንዳና ብዬ ሰደብኩት። አሁን ልቆጣው ወይስ ላልቅስለት? ግራ ገብቶኛል።

ዛሬ እሱ እያለ መምቻው ፊት ተቀመጥኩና ግራ እጄን ዘረጋሁ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እርሳስ ያዢ» አለኝ። «ለልጅቷ ነው።»

«ምን ልትላት ነው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ።»

በግራው ቀስ እያለ መታ፤ እኔ ነጥቡን ነጥብ፣ ሰረዙን ሰረዝ እያደረግሁ አሰፈርኩት። ሲያመልጠኝ ይደግምልኛል። ሲጨርስ ዓይኑን ሊጠርግ ቀኝ እጁን አነሳ፤ ተንቀጠቀጠበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ አልደበቀውም።

የመታው ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለልሽ። ምን እንደሚል አንድም አልገባኝም። አንቺ ግን ጉልበቱ ላይ ተቀምጠሽ የተማርሽው ነው፣ ታነቢዋለሽ። የተሳሳተ ካለ የእኔ ጥፋት ነው፤ እርሳሱን ያዝኩ እንጂ ደብዳቤው የእሱ ነው።

ጤናሽን አያጓድልብሽ፤ ከሰው በታች አያድርግሽ፤ እጅሽን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ