ዓመቱን ሙሉ የምታብበው ቁጥቋጦ

ይድረስ ጫካ ገብቶ ለቀረው ወንድምዓለም፤

እንዴት ከርመሃል? እኛ ተመስገን ነው፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል። እኔ ያው በዕፅዋት ጥናት መሥሪያ ቤቴ ደረቅ ናሙና ወረቀት ላይ እየለጠፍኩ ነው።

በየወሩ «ዛሬ ከደጄ ቀጠፍኳት» እያልክ ከደብዳቤህ ጋር ከምትልካት ባለአምስት ቅጠል ነጭ አበባ ይኸው ሦስተኛዋ ደረሰችን። ጽሕፈትህማ እንዴት አማረ! ድሮ ዶሮ የጫረው ነበር የሚመስለው።

የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ግን ይህቺ የጫካ ቁጥቋጦ በመጀመሪያው ዝናብ ለአንድ ሳምንት ብቻ አብባ ወዲያው ጥቁር ፍሬ ትይዛለች ይላል። መቼም መዝገብም ይሳሳታል። እስቲ ለሚቀጥለው ወር ፍሬዋን ላክልኝ፤ አደራህን፣ በገዛ እጅህ ቀጥፈህ።

እማዬ አበቦቹን ትራሷ ሥር አድርጋ «በጤና ግባልኝ» ትልሃለች። እኔም ቁጥቋጦዋ ዓመቱን ሙሉ ታብባለች ብያታለሁ።

ዓይኗ መንገድ ላይ የቀረ እህትህ