ከእኔ ጋር ውጭ ሀገር ነበርክ አሉ

አባዬ፣ የእኔ ቁጡ፣

ከተለያየን ዓመት አለፈን። ሌላው ሰው የሚቆጥረው ከሞትክበት ቀን ነው፤ እኔ ግን የምቆጥረው ቦሌ በር ላይ ሻንጣዬን አልለቅም ብለህ ከጥበቃው ጋር ከተከራከርክበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አላየሁህማ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ውሃው አሁንም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለችውን ሱቅህን ወንድምህ ጋሼ ታደሰ ዘጋት፤ ጠግነህ የጨረስካቸውን የስፌት መኪናዎች ለባለቤቶቻቸው መለሰ። እማዬ ከስታለች፣ ጥቁሯንም አላወለቀችም። ወንበርህ ላይ ማንም ደፍሮ አይቀመጥም። እኔ ግን እቀመጣለሁ፣ ምናልባት ትቆጣኝ እንደሆነ ብዬ።

ለኤግዚቢሽን ውጭ ሀገር ከመሄዴ በፊት ድምፅህን የቀዳሁትን ታስታውሳለህ? ድሮ ሳይፈርስ የነበረውን የልደታ ሰፈራችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በር በበር ጠራህልኝ። እኔም በኮምፒውተር ሠራሁት። አንተ የባለቤቱን ስም ስትጠራ ቤቱ ከነቆርቆሮው፣ ከነአጥሩ ባዶው ግድግዳ ላይ ብቅ ይላል። መጀመሪያ በርሊን አሳየሁት። አንዲት አሮጊት ቋንቋው ሳይገባት ደግማ ደጋግማ ሰምታህ አለቀሰች። በስልክ ስነግርህ «ምነው፣ እኔ ያፈረስኩባት መሰላት እንዴ?» ብለህ ሳቅክ። ያ የመጨረሻ ሳቅህ መሆኑን በምን ልወቅ?

ዳካር ስደርስ ስልክህ ጠፋ። «ጠበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» አሉኝ። ጉልበትህን ያምህ ስለነበር አመንኩ። እኔ ሞኝ! ሴኡል ላይ ሰው ፊት ቆሜ «ይሄ የምትሰሙት አባቴ ነው፣ ስመለስ እሱም ያየዋል» ስል አንተ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አፈር ለብሰሃል። አርባህ እንኳ ወጥቷል። ቦሌ ስወርድ የተቀበለኝን ሰው ብዛትና የእማዬን ነጠላ መዘቅዘቅ ሳይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። «በሰው ሀገር ብቻዋን መርዶ ከምትሰማ ብለን ነው» አሉ። ልማዳችን ነው፤ ለሌላ ሰው ሲደረግ ሳይ ደግነት ይመስለኝ ነበር። በራሴ ሲደርስ ግን አንጀቴ አረረ።

ደብረ ብርሃን ላሉት እናትህ ለእማማ ደግሞ ምን እንዳሏቸው ታውቃለህ? «ከልጁ ጋር ውጭ ሀገር ሄዷል!» አንተ፣ ቦሌን ለሽኝት እንጂ ለሌላ ረግጠህ የማታውቅ! ለእኔ ጠበል ነህ፣ ለእሳቸው እኔ ጋ ነህ። ልባቸው ደካማ ነውና መርዶ አይችሉም ተብሎ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ? እማማ የእኔን መመለስ ሰሙና «እሱስ?» አሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ሳትደውልላቸው ውለህ የማታውቅ ልጃቸው!

ይሄኔ ጋሼ ታደሰ መላ ይዞ መጣ። ድምፁ አለሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ እማማን እንዲያናግራቸው አድርጊልን አለኝ። እምቢ አልኩ። «ለፈረንጅ ሲሆን ታናግሪዋለሽ፣ ለገዛ እናቱ ሲሆን ሞተ ትያለሽ? አንድ ነገር ቢሆኑ ደማቸው በእጅሽ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ቁጣውን ካንተ ነው የተማረው።

እናም ሞከርኩት፣ አባዬ። ድምፅህን ከዚህም ከዚያም ቆርጬ ገጣጠምኩ፣ የጎደለውን ኮምፒውተሩ ሞላልኝ። «እማማ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዞኝ ነው» አልክ። ድምፁ ቁርጥ አንተን። ግን ጉሮሮህን ሳትጠርግ ጀመርክ፤ አንተ ደግሞ በዕድሜህ ጉሮሮህን ሳትጠርግ ተናግረህ አታውቅም። ደግሜ ከፈትኩት። እማዬ በእጇ የሽንኩርት ልጣጭ እንደያዘች ከማዕድ ቤት ሮጣ ወጣች። እኔን አላየችኝም፣ ያየችው ወደ በሩ ነው። ያንን ፊት ለጠላትም አያሳየው! ኮምፒውተሩን ስታይ ነገሩ ገባትና ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አጥፍቼው አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ታደሰ ሲመጣ ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ ዐመድ መስሏል። እማማን የምትጦረው እህትህ ደውላለት ኖሯል። እማማ ፎቶህን ከራስጌያቸው አስነስተው፣ «ውጭ ሀገር ሲያይ እናቱን የረሳ ልጅ ስሙ እፊቴ እንዳይጠራ» ብለዋል። እኔም ተነሳሁ። ይሞታሉ ብላችሁ ፈራችሁ፣ አሁን እኮ ረግመውት ሊሞቱ ነው አልኩ። ጋሼ ታደሰ የዕድር ሽማግሌዎቹን ሊጠራ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት እንደ ወጉ ሳይነጋ ደረስንባቸው፤ እኛ፣ የዕድር ሽማግሌዎችና እህትህ የጠራቻት ነርስ። ብገድላቸውስ እያልኩ ገባሁ። እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ። አንድ በአንድ አዩን፣ ነጠላችንን አዩ፣ አንተን ፈለጉ። ሽማግሌው ሳይጀምሩ «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ደረታቸውን ሲደቁ እጃቸውን ያዝኩ። ነርሷ ከአጠገባቸው አልተለየችም። ብዙ አለቀሱ። ከዚያ መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳትደውል የቀረህባቸውን እሑዶች ወደ ኋላ የቆጠሩ መሰለኝ።

«እንግዲያ አልረሳኝም» አሉ። «ልጄ አልረሳኝም።» ፎቶህን ወደ ቦታው አስመለሱ።

አባዬ፣ በር በበር መጥራትህን አላስቆምም፤ ሰው እስከሰማ ድረስ ትጠራለህ፣ ከነጉሮሮህ። ያላልከውን ቃል ግን በአፍህ አላደርግም፣ ማንም ቢለምነኝ። የእሑዱንም ስልክ ለእኔ ተወው። ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ ደወልኩ። እማማ አነሱት። ጉሮሮዬን ጠርጌ «እማማ» ስል፣ «ወይ የእሱ ልጅ!» አሉኝ።