መሪው የሳተው በእጅዎ አይደለም

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው? እማዬ የወገቧ ነገር ተሻላት? እህቴና ባለቤቷ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ በጤና በኩል ደህና ነኝ። ሥራም እንቅልፍም እህልም አለኝ፤ የጎደለኝ እርስዎን ቀና ብዬ የማይበት ዓይን ብቻ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ከእራት በኋላ ሁሉም ተሰብስቦ እህቴ እንደምታነበው አውቃለሁ። እቴ፣ የሚጎረብጥሽን መስመር እየዘለልሽ ማለፍ ልማድሽ ነው። ዛሬ አንድም መስመር አትዝለዪ። ልብስ ሰፊው ካልመጣም አስጠሪውና እስኪመጣ ጠብቂ፤ ያን ቀን እሱም ነበረ።

አባባ፣ ባለፈው ሳምንት ወደምሠራበት ጋራዥ አንዲት ሴት መጣች። ለአሣ ነጋዴዎች በረዶ የምታመላልስ፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ የማይዘል፣ ክንዷ እንደ አናጢ ክንድ የጠነከረ። መኪናዋ እርስዎ ዳማ ብለው ስም ያወጡላት መኪናችን እኩያ ናት፤ ያው በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ ያው አራት ማዕዘን ፊት ያላት፣ በሯ ሲዘጋ እንኳ የዳማን ድምፅ የምታሰማ። እንደ ዳማም ሞላዋ በረጅም ተቀይሮ አራት ጣት ያህል ከፍ ተደርጋለች። ሴትዮዋ መኪናዋ በደልዳላ መንገድ እንኳ ቀጥ ብላ እንደማትሄድላት፣ ሲያሻት ግራ ሲያሻት ቀኝ እንደምትል፣ መሪውን ስታቃና ውላ ማታ ትከሻዋ እንደሚዝል ለአለቃችን ነገረችው። እርስዎ ያን ቀን ስለ ዳማ ያሉትን ነው የደገመችው። በእጄ የነበረው መፍቻ ከብዶኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አለቃችንን ‹ቀስ በል› ነው የምንለው፤ ቃሉ ከአፉ ስለማይጠፋ። ምን ብታደርግላት ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ። የመሪውን ሳጥን ብሎን ጠበቅ አደርገዋለሁ አልኩት። ቀስ በል አለኝ፤ ቀጥሎም ይህ የታመመን ሰው እንዳይጮህ አፉን እንደ መያዝ ነው አለ። ከዚያ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሞ የፊት አክስሉን፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘውን ብረት፣ በመለኪያ እየለካ አሳየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት አይወርድም፤ ትንሽ ጋደም ይላል። ብስክሌት ሲያስተምሩኝ መሪውን አትነቀው፣ እሱ ራሱ መሃሉን ይፈልጋል ይሉኝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የመኪናም የፊት ጎማ አያያዙ እንዲሁ ጋደም ማለት አለበት። ሞላው ሲረዝም ግን አክስሉን የያዙት ክንዶች ቁልቁል ይወርዱና አክስሉን ያዞሩታል፤ ያ ጋደም ማለቱ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ጎማው መሃሉን አይፈልግም፣ መንገዱ ወደገፋው ይሄዳል። ነጂው ሃያ ዓመትም ይሁነው ሰማንያ ለውጥ የለውም።

ክንዶቹ የሚታሰሩባቸውን የላስቲክ ቀለበቶች፣ ቦኮላ የምንላቸውን፣ አውጥተን ቀዳዳቸው ከመሃል ፈንጠር ባሉ ቀየርናቸው። አክስሉ ወደ ቦታው ዞረ። ቀስ በል ቁልፉን ሰጠኝና ሴትዮዋን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ሰፊው ጎዳና ወጣሁ። በሰማንያ እየሄድኩ መሪውን በሁለት ጣት ያዝኩት፤ ዝንፍ አላለችም። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ትስቃለች፤ እኔ መንገዱ ደበዘዘብኝና ዳር ይዤ አቆምኩ። አቧራ ገባኝ አልኳት።

አባባ፣ ዳማን ከፍ ሳደርጋት አላስፈቀድኩዎትም። እማዬን ሐኪም ዘንድ ይዘው በአውቶቡስ በሄዱበት በሁለት ቀን ውስጥ ነው የጨረስኩት። መንገዱ አስቸግሮን አልነበረም፤ የጓደኞቼ መኪኖች ከፍ ከፍ ብለው ስላየሁ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሲመለሱ ዙሪያዋን ተመለከቷትና የቀድሞው እግሯ ይበቃት ነበር አሉ።

በሳምንቱ የልብስ ሰፊውን አጥር ጨርፈው ገቡ። ግቢያችን መሃል ቆመው መኪናዋ መንገድ አትይዝም አሉ። እማዬ በሩ ላይ ነበረች፣ እህቴና ባለቤቷ ወጥተዋል፣ ልብስ ሰፊውም አጥሩን ትቶ መጥቷል። ቁልፉን ተቀብዬ እስከ መገንጠያው ነድቼ ተመለስኩ። ወርጄም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መኪናዋ ምንም አልሆነችም፣ የእጅዎ ነገር ነው፣ እርጅና ነው አልኩዎት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ከነነፍሱ አድርሶ የመለሰን አባት። እርስዎም እጆችዎን ገለበጥ አድርገው አዩአቸውና ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። እኔ ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ የነካው እንደሌለ፣ ዶሮዎቹም የዳማን የኋላ ወንበር መፈልፈያ እንዳደረጉት እህቴ ጽፋልኛለች።

እስካሁን የጻፍኩት ግን ግማሹን ነው። ባለማወቅ ነው ብዬ ባቆም ታምኑኛላችሁ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እውነቱ እንዲህ ነው። ያን ቀን ከመገንጠያው ስመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት ስጨምር፣ መሪው ከእጄ ሲያመልጥ ተሰምቶኛል። በሁለት እጄ ጨብጬ ነው ያቃናኋት። ምክንያቱን አላውቅም ነበር፤ ጥፋቱ የመኪናዋ መሆኑን ግን አውቄያለሁ። ግቢ ስገባ ሁላችሁም ቆማችሁ ትጠብቁኛላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስፎክርበት የከረምኩት ሥራ ነው። አበላሸሁ ከማለት አባቴ አረጀ ማለት ቀለለኝ። በማግስቱ እርስዎ ሳያዩ ያን የመሪውን ሳጥን ብሎን አጠበቅሁት፤ ይዣት ብወጣ ባሰባት። ዝም ብዬ መልሼ አቆምኳት፤ ወር ሳይሞላም ወደዚህ መጣሁ።

ይህ አልበቃ ብሎኝ ዓምና ዓይኔን በጨው አጥቤ መነጽር ላክሁልዎ። እርስዎም አመስግነው አስጻፉልኝ። ባለፈው ደብዳቤ ደግሞ እህቴ፣ አባባ እጄ አይታመንም እያሉ ጺማቸውን ራሳቸው መላጨት ትተዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ይሄዳሉ ብላ ጻፈችልኝ። ያን አንብቤ ወረቀቱን አጥፌ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩትና ሥራ ገባሁ። የበረዶዋ ሴት ባትመጣ ኖሮ እስከ መቼ እዚያው እንደማቆየው አላውቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ደግሞ ወለምታም አልነበረም፣ አውቄ የተናገርኩት ነው። አፍሬያለሁ አባባ። ከዚህ የሚያልፍ ቃል አላገኘሁለትም።

ከደብዳቤው ጋር በመልእክተኛው እጅ በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት ቦኮላዎች ይደርሱዎታል፤ አገባባቸውን በወረቀት ሥዬዋለሁ። የሠፈሩ መካኒክ አስቀድሞ እኔ ያጠበቅሁትን የመሪ ብሎን ወደ ነበረበት ያላላው፤ ቦኮላዎቹን ከዚያ በኋላ ያስገባ። ያም ካልተስማማዎት የድሮዎቹ ሞላዎች ከጓሮው ዕቃ ቤት በጆንያ ተጠቅልለው አሉ፤ እነሱ ከተመለሱ ዳማ እንደ ጥንቷ ዝቅ ብላ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከፍ ትበል ወይስ ዝቅ? ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን ዛሬ መጠየቄ ነው። እርስዎ እንዳሉ ይሁን።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ያን ቀን አይታኝ ወደ ቤት ገብታ ነበር፤ አስተያየቷ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። የእህቴን ባለቤት ሰላም በሉልኝ። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳሙልኝ፤ ለዶሮዎቹም ሌላ ማደሪያ ይፈልጉላቸው። ልብስ ሰፊውን አጥርህን የጨረፍኩት እኔ ነኝ፣ ስመጣ በእጄ አቆመዋለሁ በሉልኝ።

እቴ፣ አንቺንም እንደምን አለሽ ብያለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ቁልፉን ከሚስማሩ አውርደሽ እጃቸው ላይ አስቀምጪላቸው። ጠዋት ደግሞ ውሃውን አሙቂና መስታወቱንና ምላጩን አቅርቢላቸው። እጃቸው ደህና ነው፤ ድሮም ደህና ነበር።

አጥፊው ልጅዎ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን