ስለ «የክሌም ምርጫ» እውነቱ

ሎንሰስተን፣ ጁላይ 2023

ውድ ክሌም፣

ስለ ዱጋልድ ነው የምጽፍልህ። ስሙ በዚህ ቤት ከተነሳ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። አንተ ካረፍክ ደግሞ አምስት ወር ሆኖሃል፤ ከእንግዲህ «ተይው ኔሪዳ» ብሎ የሚያስቆመኝ ሰው የለም። ቅር ካለህ ይበልህ።

በቅድሚያ የምትጨነቅበትን ልንገርህ። መደርደሪያህን አልነካሁትም። ሸክላዎቹም ሲዲዎቹም በተቀረጹበት ዓመት ተራ እንደደረደርካቸው ናቸው፤ አቧራቸውን የምጠርገው በደረቅ ጨርቅ ነው። አንድ የሜልበርን ነጋዴ ሁለት ጊዜ ደውሎ «ባለቤትዎን ማግኘት እችላለሁ?» አለኝ። ሁለቱንም ጊዜ «ቤት የለም» አልኩት። አልዋሸሁም።

ነገሩ የተጀመረው በሜይ ነው። ቤሪል ከሸክላ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን ስብሰባ መልስ ብቅ አለችና፣ በወርሃዊው መጽሔት ላይ ሠላሳ ዓመት የጻፍከውን «የክሌም ምርጫ» ሰብስባ በመጽሐፍ ልታወጣው እንደሆነ ነገረችኝ። አርባ አባል ያለው ማኅበር መጽሐፍ ሲያሳትም አስበው። «ከሆባርት እስከ ፐርዝ ሰው የሚገዛው እኮ እሱ ጥሩ ነው ያለውን ነው» አለች። «ማስታወሻ ደብተሮቹን ብቻ ፈልጊልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው።» ደስ አለኝ። አልደብቅህም፣ ካረፍክ ወዲህ ከልቤ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የቅዳሜ ጠዋታችን ነገር ለሌላ ሰው ሲነገር እብደት ይመስላል። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ሲምፎኒ ለአምስተኛ ጊዜ ገዝተህ ስትመጣ «ይሄ ያው በ1938 የተጫወቱት አይደለም እንዴ? ከሞቱ በኋላ አሻሻሉት?» ብላህ ነበር። አንተ ግን አልሳቅክም። «ጨዋታው ያው ነው እማዬ፣ ያጸዳው ሰው ነው ሌላ» አልካት። በድሮ ሸክላ ላይ ያለውን ሿሿታና ቅርቅርታ አንዱ ባለሙያ አጸዳሁት ብሎ በሲዲ ያወጣዋል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላው የተሻለ አጸዳሁት ይላል፤ አንተም ሁለቱንም ገዝተህ ታመጣለህ። ከዚያ ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ፣ የትኛውን እንደምታጫውት እንዳላይ ፊቴን ወደ ቡፌው አዙረህ ታስቀምጠኝና ሁለቱን በየተራ አሰምተኸኝ «አንደኛው ነው ሁለተኛው?» ትለኛለህ። የአንቺ ጆሮ ነው የሚታመነው፣ መጽሔት አላበላሸውም ትል ነበር። እኔ የመረጥኩት በሚቀጥለው ወር «የክሌም ምርጫ» ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ስማኝ። ልዩነቱን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ቡፌው የመስታወት በር አለው ክሌም። የተቀመጥከው ከኋላዬ ነው፣ ፊትህ ግን መስታወቱ ላይ ከፊቴ ነበር። ከጣመህ ቅንድብህ ከፍ ይላል፣ ካልጣመህ አገጭህን ታሻለህ። እኔ ቅንድብህን አይቼ «ሁለተኛው» እላለሁ፣ አንተም «ጆሮሽ ወርቅ ነው» ትለኛለህ፣ እኔም ኮራ ብዬ ሻይ ላፈላ እነሳለሁ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። በኋላ ልናገር ባስብ፣ ለሃያ ዓመት ውሸት ምን ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል? አፌን ያዝኩ።

ደብተሮቹን ያገኘኋቸው የጽሕፈት ጠረጴዛህ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ረድፍ አለው፤ በአንዱ የአንተ ፍርድ፣ በሌላው የእኔ። እስከ 2012 ድረስ ሁለቱ ረድፎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ መቼም ይህ ሊያስገርመኝ አይችልም። አንድ ቦታ ላይማ ጠርዙ ላይ «አስደናቂ ነው፣ ዛሬም ተስማማን» ብለህ ጽፈሃል። ብቻዬን ሳቅኩ። ከሜይ 2012 በኋላ ግን የአንተ ረድፍ ባዶ ነው። ገጽ በገጽ ገለጥኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጻፈው የእኔ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ከደብተሮቹ ሥር ታጥፎ ተቀምጧል። የመስማት ምርመራ ውጤት ነው፣ ሜይ 9 ቀን 2012። መስመሩ ከግራ ደህና ይነሳና ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች በእጅ ጽሑፍ «ቀጫጭን ድምፆችን በሁለቱም ጆሮ አይሰማም። የመስሚያ መሣሪያ እንዲያደርግ ተነግሮት አልፈለገም» ይላል። ቆሜ ነበር የማነበው፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አስበው እንግዲህ። አንተ የእኔን ጆሮ አምነህ ትጽፋለህ፣ እኔ የአንተን ቅንድብ አይቼ እፈርዳለሁ። ከሁለታችን የሚሰማ ሰው አልነበረም። ሿሿታው ጠፍቶልሃል፤ ያጠፋው ግን ባለሙያው ሳይሆን ጆሮህ ነው። ቅንድብህ ይነሳ የነበረውም ጮክ ላለው ቅጂ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ነዋ ደህና አድርጎ የሚሰማህ። ከማወዳደራችን በፊት የሁለቱን ድምፅ እኩል የምታደርገው በጆሮህ እየለካህ ነበር፣ ያ ጆሮ ደግሞ አልነበረህም። እንዲህ ሆነን «ሿሿታ የሚባል የለውም» እያልን አገር ስንመክር ኖርን።

የማኅበሩ አባል የነበረው ዱጋልድም ያኔ በ2012 ለመጽሔቱ በላከው ደብዳቤ ይህንኑ ነበር የጻፈው። «አቶ ፓስኮ ሿሿታ የለውም ያሉትን ገዝቼ ቤቴ ሳጫውተው ቤከን የሚጠበስ ይመስላል። ጮክ ያለውን ሁሉ የተሻለ ነው ይላሉ» አለ። አንተ እንደዚያ ስትቆጣ አይቼህ አላውቅም፤ አሁን ሳስበው ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። መልሱን አንተ እየተናገርክ እኔ ተየብኩት። አላረካኝ ሲል መጨረሻው ላይ ከራሴ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ዱጋልድ ብዕር ከማንሳቱ በፊት ሐኪም ቤት ሄዶ ጆሮውን ያስመርምር።» ሳነብልህ «እስቲ ድገሚያት» አልክ። እያጣጣምካት መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ይሁን፣ ትግባ» አልክ። የመልሱን ቀን አየሁት ክሌም። ያኔ የአንተ ምርመራ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ሰውየው ግማሽ ዕድሜውን ከኖረበት ማኅበር ወጣ፣ ዳግመኛም አዳራሹን አልረገጠም።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቢዩቲ ፖይንት ድረስ ነዳሁ። ረፋድ ላይ ስደርስ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ዱጋልድ ጓሮው ውስጥ የፖም ዛፍ ይገርዛል፤ በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ።

«ወይዘሮ ፓስኮ» አለኝ ሳይወርድ። «መንገድ ጠፍቶብዎት ነው?»

«አልጠፋብኝም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«በሟቹ ስም ነው በራስዎ?»

«በሁለታችንም።»

«ሁለት ከሆነማ ቆመን አንጨርሰውም» አለና እየተጠነቀቀ ወረደ። «ወተት ግን የለኝም፣ ሻዩን እንዲሁ ይጠጡታል።»

ሳሎኑ ከእኛ አይለይም፤ ግድግዳው አይታይም፣ ከወለል እስከ ጣራ ሸክላና ሲዲ ነው። ወረቀቱን ሰጠሁት። ርዕሱን አየት አደረገና መነጽሩን እንኳ ሳያጠልቅ መለሰልኝ።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«እንደማይሰማ። መልሱ መጽሔቱ ላይ የወጣ ሰሞን ወደ ስብሰባው የመጣሁት ልነሳበት ተዘጋጅቼ ነበር። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ። ታዲያ ያን ቀን ጣራው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪው አልቆ በየደቂቃው ጪው ይላል። ሰው ሁሉ እያንጋጠጠ ጣራ ያያል። እሱ ስለ አንድ የቡዳፔስት ኳርቴት ሸክላ ንግግሩን ቀጥሏል። በኋላ ‹ምን ሆናችኋል፣ ጣራው ሊወድቅ ነው?› አለን። ሌሎቹ በወሬው ተመስጦ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን ዓይኑን አየሁት፣ ደንግጧል። እርስዎ ወጥ ቤት ፓይ ያሞቁ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? እውነቱ እጅዎ ላይ ነበር።»

«ምን ብዬ? የሰው ጆሮ መሞቱን በስብሰባ ላይ ላውጅ? እኔ ብወጣ የሚቀርብኝ ስብሰባ ነው። እሱ ያን ዓምድ ቢያጣ ምን ይሆናል?» ሻዩን ፉት አለ። «ወረቀቴን ከኪሴ ሳላወጣ ሄድኩ። አንዲት ነገር ብቻ ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ። ‹ጆሮውን ያስመርምር› ያለኝ። የራሱን እያወቀ እንዴት አፉን ሞልቶ እንዲህ ይለኛል?»

«እሷ የእኔ ናት» አልኩት። «እሱ አላላትም። እኔ ነኝ ስተይብ የጨመርኳት።»

ማንኪያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ይውጡልኝ ቢለኝ ኖሮ አልፈርድበትም ነበር።

«መገመት ነበረብኝ» አለ በመጨረሻ። «ክሌም እንዲህ ያለ ስድብ አይችልበትም።» ከዚያ ሳቁ መጣ። «ታውቂያለሽ ኔሪዳ፣ ከንዴቴ ብዛት ሄጄ ተመረመርኩ። ‹እንደ ውሻ ነው የምትሰማው› አሉኝ። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ። ለማን ላሳየው?»

«ለእኔ አሳየኝ» አልኩት።

እውነትም ከመጽሐፎቹ መሀል አውጥቶ አሳየኝ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የአንተን አጠገቡ አደረግነው። ያኔ ለቅሶዬ መጣ፤ በቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ዱጋልድ መሐረብ ፈልጎ ሲያጣ የሸክላ መጥረጊያ ጨርቅ ሰጠኝ። ገና አልተነካም፣ አይዞሽ አለኝ።

ልሄድ ስነሳ ለቤሪል ሁሉንም እንደምነግራት አሳወቅኩት። «ተዪው፣ ሰውየው ሞቷል፣ ምን ይጠቅመዋል?» አለኝ። «አንተ አልሞትክም» አልኩት። እስከ መኪናዬ ሸኘኝ።

ቤሪል ስትሰማ መጀመሪያ ስልኩን ዘጋችብኝ። ማታውን መልሳ ደወለች። «ግማሽ ሳሎኔን የሞላሁት እኮ በእሱ ቃል ነው» አለች። «አሁን ምን ልሁን? እቤቴ ያለው ጮክ ባዩ ሁሉ ነው ማለት ነው?»

«ስትሰሚያቸው ደስ ይሉሽ ነበር?»

«እንዴታ።»

«እንግዲያው ምን ትሆኛለሽ።»

ተነጫነጨች፣ ነገር ግን ተስማማን። መጽሐፉ ይወጣል። እስከ ሜይ 2012 ያለው የአንተ ነው፣ አንድ ቃል አይነካም፤ ያኔ በራስህ ጆሮ ትፈርድ ነበርና። ከዚያ ቀጥሎ የዱጋልድ ደብዳቤ ሙሉውን ይታተማል፤ ከእሱ ሥር በእኔ ስም አንድ ገጽ አለ። የቡፌውን መስታወት ጽፌዋለሁ። ወረቀቱን ጽፌዋለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገርም የእኔ ናት ብዬ ፈርሜባታለሁ። ስምህ ትንሽ ይነካል። አውቄ ነው ያደረግኩት፤ ምክንያቱም ሰውየው የአንተን ስም አሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቅ የከፈለው በራሱ ስም ነው። በኦገስቱ ስብሰባ ዱጋልድ ይመጣል ብሏል። እኔም እሄዳለሁ።

የሚቆረቁረኝ ግን ይህ አይደለም። ብትነግረኝ ኖሮ ቅዳሜያችን የሚቀር መስሎህ ነበር? ጆሮዬን ካልፈለግከው ተነስቼ የምሄድ? እኔ እኮ ለሙዚቃው ብዬ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ አንተን ለማየት ነበር። ይህንን ልንገርህ ብዬ ነው የተነሳሁት፣ እስከ ትናንት ድረስም ይህ በእኔ በኩል ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ነገር ገባኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቫዮሊኑን በቅጡ ሳትሰማ፣ በየቅዳሜው ወንበሬን እያስተካከልክ «ነይ ኔሪዳ፣ ተቀመጪ» ስትለኝ፣ አንተም ለሙዚቃው ብለህ አልነበረም።

ኔሪዳህ